በስሜ አትግቡ

ልጆቼ፣ እኔ ኮምፒውተር የማውቅ ሰው አይደለሁም። ስድስተኛ ክፍልን እንደ ምንም አጠናቅቄ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። ቢሆንም ሶፍትዌር በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት የቁልፍ ኃላፊ ነበርኩ። የየክፍሉ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት አስፈርሜ እሰጣለሁ፣ ማታ አስፈርሜ እቀበላለሁ። ከዚህ የተነሳ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ቁልፉ» ይለኝ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ጡረታ ከወጣሁ በስምንተኛው ወር የሆነውን ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እግሩ የላላ ወንበር ገልብጬ ብሎን ሳጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ኖረ ሞተ ያላለኝ ሰው፣ «ጋሼ ቁልፉ፣ እንዴት አደሩ? ጤናዎስ? መኪና ልኬልዎታለሁ» አለኝ።

«በደህና ነው?»

«በደህና ነው። አንዲት ፊርማ ናት። ቶሎ ይምጡልኝ።»

ይህ ሰው «ቶሎ» ሳይል ውሎ አያውቅም። ሠራተኛው እሱ በሌለበት «ቶሎ በሉ» ነው የሚለው፤ እኔም ለእናንተ እንዲቀላችሁ እንደዚያው ልበለው።

እዚያ መሥሪያ ቤት የወንድሜ ልጅ ትሠራለች። ሰርቨሩ በእሷ ኃላፊነት ነው። ሰርቨር ማለት፣ ሠላሳ ሁለቱ ፕሮግራመሮች የሚጽፉት ሁሉ የሚጠራቀምበት፣ አንድ ላይ ተገጣጥሞም የሚወጣበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው፤ የሁሉም መጋዘን በሉት። ልጅቷ ሥርዓት ስለምታበዛ ባልደረቦቿ «እሜቴ» ይሏታል። መጀመሪያ ሊያናድዷት ብለው ነበር። እሷ ግን ሲጠሯት «አቤት» ማለት ስትጀምር ስሙ ጸደቀላት።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ተፈለግሁ ብዬ! ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ነው፤ «ና» ያለው ሁሉ ዘመድ ይመስለዋል።

ስደርስ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። በዚያ ሰዓት አንገቱን ስክሪን ውስጥ ቀብሮ የምታገኙት ፕሮግራመር ሁሉ እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፏል። ባለ ጺሙ የምለው አንዱ ፕሮግራመር ገና ሲያየኝ፣

«ጋሼ! እርስዎ ጡረታ ሲወጡ እኛንም ይዘውን ወጡ እኮ!» አለ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን እንደተባለ ግን አልገባኝም። መርማሪዋ ጠጋ አለችኝ። ሌሎቹ የጻፉት ፕሮግራም ስህተት አለው የለውም ብላ የምትፈትሸው እሷ ናት፤ የዝንብ ጠንጋራ ለይታ ታውቃለች የሚባልላት ሴት።

«የሰርቨሩ መዝገብ ላይ እርስዎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አራት ሺህ ሦስት መቶ ጊዜ ኮድ ጽፈው አስገብተዋል፣ ጋሼ» አለችኝ። «ከሁላችንም ይበልጣሉ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። እኔማ ጋሼ ሌሊት ሌሊት ነው የሚሠሩት ብዬ ነበር።»

ደግሞ ሳቁ። እኔ ግን ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

ቶሎ በሉ ቢሮ ስገባ እሜቴ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አንድ ወረቀት ከነእስክሪብቶው ገፋልኝ። በወረቀቱ ላይ ለአንድ ወር በጊዜያዊነት ተቀጥሬያለሁ ይላል።

«ምን ልሠራ?» አልኩት።

«ምንም። ቤትዎ ይቀመጡ። ስምዎ ብቻ የሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ይግባልን። እሱ ከገባ በአምስት ደቂቃ ሁሉም ሰው ሥራውን ይጀምራል።»

ደግ ሥራ ነው አልኩ በሆዴ፤ እንዲህ ያለውን በጉብዝናዬ ባገኘሁት ኖሮ። መነጽሬን አድርጌ እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከዚያ የልጅቷን ፊት አየሁ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እሷ የምትለውን ብላ ጨርሳለች» አለ ቶሎ በሉ።

«ለእኔ አላለችም።»

«አጎቴ» አለች እሜቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አይፈርሙ ልልዎ አልችልም። ከፈረሙ ዛሬ እኔ እተርፋለሁ። ካልፈረሙ የሚመጣው በእኔ ነው የሚመጣው። ግን ምን ላይ እንደሚፈርሙ ይወቁ።»

እንደነገረችኝ እነግራችኋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያ ሰርቨር ሲተከል፣ የተከለው ባለሙያ «ባለቤቱ ማን ይባል?» ብሎ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ የማልነቃነቀው እኔ ነበርኩ። «ቁልፉ በለው» አሉት። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ የማሽኑ ክፍል ቁም ሣጥን በር ውስጥ ተለጠፈ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «ለጊዜው በቁልፉ ግባ» እየተባለ፣ ለጊዜው የተባለው ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ሠላሳ ሁለት ሰው በእኔ ስም ይገባል፣ በእኔ ስም ይጽፋል፣ በእኔ ስም ይሰርዛል። የሁሉንም ሥራ አንድ ላይ የሚገጣጥመው «ሰብሳቢው» የሚሉት ክፍል እንኳ በእኔ ስም ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ እታች ቁልፍ ቆጥሬ እገባለሁ፣ ምንም የማውቀው የለ!

ቅዳሜ እሜቴ የሰርቨሩን ፕሮግራም ወደ አዲሱ አሻሻለችው። አሮጌው ፓስወርዱን ያወቀውን ሁሉ ያስገባ ነበር። አዲሱ ግን ይጠይቃል። ይህ ሰው ሠራተኛ ነው? ዝርዝሩን ቢያገላብጥ ቁልፉ ጡረታ ወጥቷል። ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሲሞክር «አልተፈቀደልዎትም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቻ።

«ጥፋት የእኔም አለበት» አለች። «ቅዳሜ የፈተሽኩት በራሴ ስም ገብቼ ነው። የእኔ ደግሞ ሁሉንም ይከፍታል። እንደ አንዳቸው ሆኜ ልሞክረው ይገባ ነበር፣ አልሞከርኩም። እሱን እቀበላለሁ።»

«ተቀበለች፣ በቃ! ይፈርሙና እንገላገል» አለ ቶሎ በሉ።

«አልጨረስኩም» አለች። «ባለፈው ወር ለክሊኒኮች የምንሠራው ፕሮግራም ውስጥ፣ የሕጻናት መድኃኒት መጠን ሠንጠረዥ ላይ አንዲት ነጥብ ጠፋች። ዜሮ ነጥብ አምስት የነበረው አምስት ሆነ። ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው መርማሪዋ ያዘችው። ማን ነው የነካው ብለን መዝገቡን ከፈትን።»

ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ማን ሆኖ ተገኘ?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁት።

«ቁልፉ።»

ልጆቼ፣ ስድስተኛ ክፍል ዜሮ ነጥብ አምስትና አምስት ምን ያህል እንደሚራራቁ አስተምረውኛል። አሥር እጥፍ! ለአንዲት ለምታለቅስ ሕጻን አሥር እጥፍ፣ በእኔ ስም። ያን ዕለት እኔ እቤቴ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉ ነበር ሰዎቹ፤ እኔ ባልዋልኩበት ግን ስሜ ውሎ ኖሯል።

እስክሪብቶውን ከደንኩት።

«አልፈርምም።»

«ጋሼ፣ ተይዟል እኮ! ማንም አልተጎዳም!»

«ዘንድሮ ተይዟል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የእኔ ገና ሳልቀበር ነው የሚንከራተተው። አልፈርምም።»

«የወንድምዎ ልጅ ናት እኮ!»

«ለዚያ ነው የጠየቅኋት።»

ቶሎ በሉ ዓይኑ ፈጠጠ። ወደ እሷ ዞረ። «እንግዲያው ሁሉንም ክፈቺ። ለሁሉም ሰው፣ ሁሉንም ፈቃድ። አሁኑኑ።»

«አልከፍትም።»

«ምን አልሽ?»

«አልከፍትም አልኩ። ለእያንዳንዱ በየስሙ፣ የሚሠራበትን ብቻ እከፍታለሁ። ከዚያ ውጪ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ሐሙስ ክሊኒኮቹ ይረከቡናል! ተረትሽን እዚያው!» ጠረጴዛውን መታ። «እስከ አሥር ሰዓት። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ካልሠራ ነገ እንዳትመጪ።»

«እስከ አሥር ሰዓት» አለችና ወጣች። እኔም ተከተልኳት። ደረጃው ጋ ስንደርስ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን እልህ ከማን ወረስሽው?»

«ከእርስዎ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ሁልጊዜ በአባትሽ ነበር የማሳብበው።»

ትንሽ ሳቀች። ለእኔ በቂ ነበር።

መጀመሪያ ያደረገችው የእኔን ስም ስክሪኑ ላይ ማውጣት ነው። «ይጥፋ?» አልኳት። «አይጠፋም» አለችኝ፤ ያለፈው መዝገብ እንዳለ ይቀመጣል፣ ማንም ግን ከእንግዲህ አይገባበትም። አንዲት ቁልፍ አሳየችኝ፤ ራሴ ተጫንኳት። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። አንድ ከባድ የብረት በር ዘግቼ የወጣሁ ያህል ግን ትከሻዬ ቀለለኝ።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ጠረጴዛ አወጣች። ለእኔም ወንበር አመጡልኝ፤ ሰልፍ አስከባሪ ሆንኩ።

«ሰልፍ! በዚህ ዘመን ሰልፍ!» ይላል አንዱ።

«ዝም ብለህ ቁም» እላለሁ እኔ። «ቁልፍ ለመቀበል ስትሰለፍ ኖረህ የለም እንዴ?»

እሜቴ ለሁሉም ያው ሦስት ጥያቄ ነው የምትጠይቀው። ምን ትሠራለህ? የትኛውን ፎልደር ትነካለህ? ማየት ይበቃሃል ወይስ መለወጥም አለብህ?

አንድ ረጅም ልጅ መጣ። «ሁሉንም ስጪኝና እንገላገል።»

«ሁሉንም ትሠራለህ?»

«አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ ስትሠራ አንዳንዴ ና።»

ከኋላ ያሉት በሳቅ ፈረሱ። ሌላዋ ደግሞ፣ «እኔ ሦስት ዓመት ስሠራ በስሜ አንድም ነገር የለም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አንድም የለም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ልፋቴ?»

«ለጋሼ ነው የሆነው።»

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። «ጋሼ፣ ያ የክሊኒኮች ዕቃ አቅርቦት ገጽ ሲያምር ብለው ሲያደንቁልዎ የነበረው የእኔ ነው፣ እሺ?»

«መልሼልሻለሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ማጉረምረሙ ቀነሰ። ሰው ልፋቱ በሌላ ሰው ስም መዋሉን ሲያይ፣ ሰልፍ አይከብደውም።

ባለ ጺሙ ግን አልቀረበም። ተራው ሲደርስ «እለፊ» ይላል፤ «እለፍ፣ እኔ አልቸኩልም» ይላል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከኋላው ማንም ሲጠፋ ጠረጴዛው ጋ መጣ።

«የምትነካው?» አለችው።

«የመድኃኒት ሠንጠረዡን።»

«ማየት ወይስ መለወጥ?»

ጺሙን ያሻሽ ጀመር። «ማየት ብቻ።»

«ሠንጠረዡን የምትጽፈው አንተ ነህ እኮ። በማየት ብቻ ምን ልትሠራ?»

ከእሷ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ነጥቧን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር፤ መስመር ሳስተካክል ነካኋት መሰለኝ። በማግስቱ ማን ነው ሲባል፣ መዝገቡ ቁልፉ አለ። ቁልፉ ካለ ደግሞ… ማንም አይደለም ማለት ነው። ዝም አልኩ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ጮክ ብሎ የቀለደብኝ ልጅ ድምፁ ተሰብሮ ስሰማው አንጀቴ አልቻለም።

«ማንም አይደለም ያልከው እኔን ነው፣ ልጄ» አልኩት። «እኔ ግን ሰው ነኝ። ልጆች አሉኝ። አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቢጠሩኝ ምን ልል ኖሯል?»

«አላሰብኩትም፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ለእሷ ግን እኔ አላዝም።»

እሜቴ ትንሽ አሰበች። «መለወጥ እሰጥሃለሁ፣ ሥራህ ነውና። ግን አንተ የለወጥከው መርማሪዋ በስሟ ሳታጸድቀው አይወጣም። ይህ ለአንተ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ቢሆን።»

«ይሁን» አለ። ጻፈችለት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በየስሙ ገብቶ ሥራ ጀመረ። ደስ አለን። ደስታችን ግን ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ሰብሳቢው፣ ያ የሁሉንም ሥራ የሚገጣጥመው፣ እምቢ አለ። አዲስ ስም አውጥታለት፣ ፈቃዱን ሰጥታው፣ ታስነሳዋለች፤ ሁለት ደቂቃ ሄዶ ቀዩን ጽሑፍ አውጥቶ ይቆማል። ታስነሳዋለች፣ ይቆማል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መርማሪዋ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁለቱ ፎልደሩን አንድ በአንድ እየከፈቱ ባለቤቱ ከእኔ ስም መለወጡን ያያሉ። «ይሄ?» «ተለውጧል።» «ይሄኛውስ?» «እሱም ተለውጧል።» ስንት መቶ ፎልደር እንዳለ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ ውሃ አቀርባለሁ፤ ማንም አይጠጣም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቶሎ በሉ መጣ። ደቂቃ አላሳለፈም።

«እህስ?»

«ሠላሳ ሁለቱም በየስማቸው ገብተዋል» አለች፣ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል። «ሰብሳቢው ይቀራል።»

«ሁሉም ነገር ነው ያልኩት። አሥር ሰዓት ነው ያልኩት።» ወደ ሠራተኞቹ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጋሼ አሁንም ሊፈርሙ ይችላሉ፤ ወረቀቱ ይኸው ነው። አለበለዚያ አንቺ ዕቃሽን ሰብስቢ፤ ነገ አትመጪም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሁሉም እኔን አየኝ። ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ ልጅቷ ሥራዋን ብታጣ ለአባቷ ምን ልለው ነው? ያን ጊዜ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ባለ ጺሙ ነው፣ ቆሟል።

«ነጥቧን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «የሚጻፍ ደብዳቤ ካለ የእኔን ስም ይጻፉበት። በጋሼ ስም ግን ተመልሼ አልገባም። ቢከፍቱትም አልገባም።»

«እኔም አልገባም» አለች መርማሪዋ፣ ተቀምጣ እንዳለች።

«እኔም» አለች የአቅርቦቷ ልጅ። «ሦስት ዓመቴን ገና ዛሬ ነው ያስመለስኩት።»

ረጅሙም ልጅ ከወዲያ ጥግ፣ «ጌታዬ፣ ሠላሳ ሁለታችንን አባረው ሐሙስን ከጋሼ ጋር ያስረክቧታል ወይ?» አለ።

ሳቅ ተነሳ፤ የሚያስደስት ዓይነት ሳቅ ግን አልነበረም። ወረቀቱን አንስቼ አራት ላይ አጠፍኩና የቶሎ በሉ እጅ ላይ አኖርኩለት። አልቀደድኩትም፤ ወረቀት መቅደድ የልጅ ነገር ነው።

«እሺ፣ ሐሙስ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ» አለች እሜቴ። «በስሜ።»

«ትጠየቂያለሽ!»

«እጠየቃለሁ። አሁን ግን አንዴ ዝም ይበሉልኝ።»

ለሥራ አስኪያጅ እንዲህ ትላለች! እሷ ግን ነገር ፍለጋ አልነበረም፣ እያነበበች ነው። በጣቷ አንድ መስመር ለመርማሪዋ አሳየቻት። ሰብሳቢው ሲሠራ ትርፍራፊውን የሚጥልባት፣ ማንም ከፍቷት የማያውቅ አንዲት ፎልደር። ባለቤቷ አሁንም «ቁልፉ» ትላለች። አንድ መስመር ጻፈች፤ ባለቤቷን ለሰብሳቢው አዞረች። እንደ ቅዳሜው በራሷ ስም አልሞከረችውም። «አንተ ና» አለችው ባለ ጺሙን፣ «በአንተ አስነሳው።»

አስነሳው። ሁለት ደቂቃው አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። በቀዩ ጽሑፍ ፈንታ አረንጓዴ፤ ሠራ።

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም ወደየወንበሩ ነው የሮጠው፤ ግማሽ ቀን ሥራ ቆሟል እኮ። ቶሎ በሉ የታጠፈውን ወረቀት ይዞ ወጣ። ትመጣለች ወይ አትመጣም፣ አንድም አልተነፈሰም።

አብረን ስንወጣ እሜቴ የጠረጴዛዋን ዕቃ በከረጢት ይዛለች።

«መልሺው» አልኳት።

«አትመጪም ብሎኛል እኮ፣ አጎቴ።»

«አረንጓዴው ሳይበራ ነው ያለሽ። ሐሳቡ ያው ከሆነ ነገ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው ይድገመው። በኮሪደር የተባለ ነገር ይዘሽ ቤትሽ አትቅሪ።»

ተመልሳ ገባች፣ ባዶ እጇን ወጣች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መታገስ አቅቶኝ ደወልኩላት።

«ገባሽ?»

«ገብቻለሁ።»

«ቶሎ በሉስ?»

«መጥቶ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ። ‹የእኔ ፈቃድስ? ሪፖርቱን ማየት አልቻልኩም› አለኝ።»

«አንቺስ?»

«‹አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሩኝ› አልኩት። ‹እኔ የሠራተኞች ዝርዝር ላይ አለሁ ወይስ የለሁም? የሌለሁ ከሆነ ለእርስዎ ፈቃድ መስጠት አልችልም።›»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዞርኩት።

«እና?»

«ዞር ብሎ ሠራተኞቹን አየ። ከዚያ ‹አለሽ› አለኝ።»

«ሰው ሰማ?»

«ሠላሳ ሁለቱም።»